ክርክር፦ የጎርፍ ተፈናቃዮች በትምህርት ቤት ይጠለሉን?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚያልፈው የእኛን ሰፈር፣ አቃቂ ቃሊቲን አቋርጦ ነው። ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ቤት ያስለቀቃቸው ቤተሰቦች ወደ ትምህርት ቤት ይወሰዳሉ፤ መስከረም ሲጠባ ግን ተማሪው ክፍል ያጣል። የእድር ድንኳን እያለ የልጆችን የትምህርት ጊዜ መውሰድ አይገባም ባይ ነኝ።

አንዲት እናት፦ ወንድሜ፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጎርፍ ሰዓት አይመርጥም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ሰው በተኛበት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሕይወት አጥፍቷል። እኔም ከሁለት ልጆቼ ጋር በመማሪያ ክፍል ሦስት ሳምንት አሳልፌአለሁ። ድንኳን ከላይ ዝናቡን ቢከለክል ከታች ውሃው ይገባል፤ ትንሹ ልጄ የታመመው ክፍል ከማግኘታችን በፊት በሸራ ሥር ባደርንባቸው ሁለት ሌሊቶች ነው።

መምህርት፦ ሁለታችሁም ስለ ጣሪያው ተናገራችሁ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከጣሪያው ሥር የሚሆነው ነው። በአንድ ክረምት በምናስተምርበት ግቢ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል ተጠልሎ ሳለ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ስላልነበረው ሴቶች ልጆች ሲመሽ ውሃ መጠጣት ይተዉ ነበር። ከዚህም የባሰው፣ «ወስጄ ላስተምራት» እያሉ የሚመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ ማን ከማን ጋር እንደገባና እንደወጣ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት እንዳየነው፣ አደጋው ወላጆችን በአንድ ቀን ሲወስድ የልጁ ማንነትና ዘመዶቹ በዚያው ቀን ካልተመዘገቡ በኋላ ማጣራቱ እጅግ ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ ይህ በመጠለያ ውስጥ ሲተረጎም መዝገብ፣ መብራት፣ መቀርቀሪያና የተረኛ መምህር ማለት ይመስለኛል። የተፈናቀሉትም ልጆች እኮ የእኛው ተማሪዎች ናቸው።

ጥያቄ አቅራቢ፦ መምህርት፣ ስለ መዝገቡ የተናገሩት አሳምኖኛል፤ እህቴንም ስለ ልጅዎ ሕመም ሳላውቅ ድንኳንን አቅልዬ በማቅረቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሆኖም መውጫው ቀን ቤተሰቦቹ በገቡበት ዕለት ይጻፍ፤ የቤት ኪራይ ድጋፉም ከዚያ ቀን በፊት ይሰጥ። ያለ ኪራይ ድጋፍ «ልቀቁ» ማለት ልጆቹን ወደዚያው ወንዝ ዳር መመለስ ነውና።