ቱሉ ዲምቱ ላይ እየተከፈለ የኛ መንገድ ለምን ለግል አይሰጥም?

የኮዬ ነዋሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ዛሬም ኮዬ ፈጬ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ወርደን ገፋን፣ ቢሮ ስገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። እና ሁሌ የማይገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ሰው ሳያጉረመርም ከፍሎ ይነዳ የለ፣ መንግሥት ብር ካጠረው የኛንም ለባለሀብት ሰጥቶ በክፍያ አያሠራም? ፒፒፒ ፒፒፒ (የመንግሥትና የግል ባለሀብት አጋርነት) ሲባል እሰማለሁ፣ ምንድነው የያዘው?

ባለ አይሱዙ፦
ሳያጉረመርም ያልከው ስለማትከፍል ነው 😂 ደሞ እሱ መንገድ መቼ የግል ሆነ፣ በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር የተሠራ ነው፣ ኬላው ላይ የሚሰበስበውም የመንግሥት ድርጅት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ባለ አይሱዙ ልክ ነው። የፒፒፒ አዋጁ እንደሆነ ከ2010 ጀምሮ አለ (ቁጥር 1076)፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ማነቆ ዶላር ነው። ባለሀብቱ በዶላር ተበድሮ ይሠራል አንተ በብር ትከፍለዋለህ፣ ብሩ ሲወድቅ ልዩነቱን ማን ይሸከም? ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። በዶላር የታሰረ የመንገድ ውል ቢኖረንስ ብላችሁ አስቡት፣ ወይ ክፍያው እጥፍ ሊጠጋ ነው ወይ ልዩነቱ ከበጀት ሊወጣ ነው፣ ያው ዞሮ ዞሮ ከኛው ኪስ። መንግሥት አልሸከምም ካለ ደግሞ አበዳሪው ይሸሻል።

ቤቲ፦
ኬንያ ይሄው ደርሶባት የለ። የናይሮቢው ኤክስፕረስዌይ 27 ኪሎ ሜትር ነው፣ የቻይና ኩባንያ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ለ27 ዓመት ሊሰበስብ ነው የተዋዋለው። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ሽልንጉ ወደቀ ተብሎ የቤት መኪና ዳር እስከ ዳር ከ360 ወደ 500 ሽልንግ ገባ። እዛ ግን መክፈል ያልፈለገ ከስር ባለው አሮጌው መንገድ በነፃ ይሄዳል፣ ኮዬ ላይ በየት ትዞራለህ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እሱ ነው ነገሩ ቤቲዬ። ደሞ የሰፈር መንገድ መኪናው ትንሽ ነው፣ የታክሲው ታሪፍም ከላይ የተተመነ ነው፣ ባለሀብቱ መጥቶ እዚህ ቀን ምን ያህል መኪና ያልፋል ብሎ ቆጥሮ ይመለሳል። ካልተመለሰም በቀን ይሄን ያህል መኪና ካላለፈ መንግሥት ይክፈለኝ ይላል፣ እሱ ከተፈረመ ደሞ መንገዱ ባዶ ሆኖም እንከፍላለን።

የኮዬ ነዋሪ፦
እሺ ገባኝ፣ ግን ክረምቱ ገና ሁለት ወር አለው እኮ፣ እስከዛ ምን ይሻላል?

ባለ አይሱዙ፦
ከብሎኩ ኮሚቴ ጋ አዋጡና ገረጋንቲ አስደፉ። ሁለት ሦስት ቢያጆ የባሰውን ቦታ ይሸፍናል፣ እኔ አመጣላችኋለሁ።

የኮዬ ነዋሪ፦
ዋጋህን በብር ንገረኝ ብቻ 😂 ኢንቦክስ መጣሁ።