የጃፓኑን ባንድ ላርክ አን ሲየልን የት ልመድበው?

የጃፓን ሙዚቃ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ዘፈኖቼን በየስልታቸው ለይቼ በፎልደር ላስቀምጥ ብዬ ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። "ቪዥዋል ኬ" ላይ፣ ማለትም በሜካፕ፣ በፀጉር አሠራርና በአለባበስ ጎልተው የሚታዩ የጃፓን ባንዶች በሚጠሩበት ስም ላይ ተቸክዬ ቀረሁ።

ኤክስ ጃፓን የሚባለው ባንድ ስሙ ብቻ ነበር ያስቸገረኝ። መጀመሪያ "ኤክስ" ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ስም ሌላ ባንድ ስለነበረ በ1992 እ.ኤ.አ. ቀየረው። በሁለቱም ስሞች ያሉትን ዘፈኖች አንድ ላይ አደረግኳቸው።

ግን ቪዥዋል ኬ የሙዚቃ ስልት ነው ወይስ የቆመ ፀጉርና ኩል? ኤክስ ጃፓን በፈጣን ሜታል ሲያናውጠኝ ቆይቶ በሌላው ዘፈን ፒያኖ ይዞ ያስለቅሰኛል። የኦሳካው ላርክ አን ሲየል ደግሞ ስሙ በፈረንሳይኛ "ቀስተ ደመና" ነው፤ አባላቱም ቪዥዋል ኬ መባሉን አልወደዱትም። ታዲያ ሮክ ልበለው ወይስ ጄ-ፖፕ (የጃፓን ፖፕ)? እናንተ በጆሮ ነው በመልክ የምትለዩት?