በቁልቋል በር አካባቢ የተገኙ አሮጌ የወታደር ልብስ አዝራሮች

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ዘመዳችን ለወርቅ ፍለጋ በሚገለገልበት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ፣ ከጎንደር በስተደቡብ ቁልቋል በር አጠገብ የሚገኘውን የአጎቴን ማሳ ዳር ስንፈትሽ፣ ከጥይት ቀለሆች ጋር ሦስት አዝራሮች አገኘን። አንዱ ነጣ ያለ ሲሆን ነበልባል የሚወጣበት ድቡልቡል ነገር ተቀርጾበታል፤ ሁለተኛው ከናስ የተሠራ ሆኖ ዘውድና አንበሳ ይታይበታል፤ ሦስተኛው በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኗል። አንበሳ ያለበት የጃንሆይ ሠራዊት አዝራር ይሆን? በሎሚስ ማጥራት ይቻላል?

መልስ (ከቸቸላ)፦
ነጣ ያለው የካራቢኔሪ፣ ማለትም የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ፣ ይመስለኛል። ነበልባላማ ቦምብ የሌሎች ጦሮችም ምልክት ቢሆንም፣ የካራቢኔሪ አዝራር እንደ ብር የነጣ ነው፤ ከዚህም በላይ ቁልቋል በርን እስከ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ይዘው ከተዋጉት መካከል የካራቢኔሪ ሻለቃ ይገኝበታል። ጎንደር ራሷ ነጻ የወጣችው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። አንበሳውን በተመለከተ ግን አይቸኩሉ። የይሁዳ አንበሳ ብቻውን ቆሞ በመስቀል ያጌጠ ዘንግ ይይዛል፤ በጋሻ ግራና ቀኝ አንበሳና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ከቆሙ ግን የእንግሊዝ ንጉሣዊ ዓርማ ነው። ጀርባውንም ይመልከቱ፤ በእንግሊዝ አዝራሮች ላይ የሠሪው ስም ከለንደን ወይም ከበርሚንግሃም ጋር ብዙ ጊዜ ይጻፋል።

ጠያቂው፦
በአጉሊ መነጽር ሳየው ፈረሱም አለ፤ ከጀርባው «ለንደን» የሚል በላቲን ፊደል ይነበባል።

መልስ (ከአራዳ)፦
እንግዲያው የእንግሊዝ ነው፤ በውጊያው ከአርበኞቻችን ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ጦራቸው ተሰልፎ ስለነበር አያስገርምም። የዘውዱ ቅስት ወደ ላይ ብቻ የጎበጠ ከሆነ በአብዛኛው ከ1953 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ መሐሉ ሰርጎድ ካለ ግን የንግሥት ቪክቶሪያን ወይም የኤልሳቤጥን ዘመን ያመለክታል። ሎሚውን ይተዉት፤ አሲዱ ናሱን በልቶ ጽሑፉን ያጠፋዋል። አፈሩን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው በደንብ ያድርቁት፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ቁፋሮውን ያቁሙ። ቀለህ ባለበት ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ይችላል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል። አዝራሮቹ የተገኙበትን ቦታ ጽፈው ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ከማሳው የተነጠለ አዝራር ለገበያ እንጂ ለታሪክ ብዙም አይረባም።