የቁንጭር መድኃኒት ፕሮፖዛል፦ ረቂቁ ሐሙስ ይዘጋል

ሰብሳቢ፦ የወርቅና የመዳብ ውህዶቹን ቁንጭር የተባለውን የቆዳ ሕመም በሚያመጣው ተህዋስ፣ በሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ላይ የምንፈትሽበት ረቂቅ ተለጥፏል። ሕመምተኛው ዛሬም በየቀኑ በኪሎ 20 ሚሊግራም አንቲሞኒ እየተወጋ ልቡም ቆሽቱም ሊጎዳ ይችላል። ማረሚያ ያላችሁ ጻፉ።

ተህዋስ ክፍል፦ የረቂቁ ክፍል 3 በፕሮማስቲጎት (ከሴል ውጭ በሚያድገው የተህዋሱ መልክ) ብቻ አይሆንም። በመርፌ የሚሰጠው አንቲሞኒ 5 ማክሮፌጅ (ተህዋሱ በሰው ውስጥ የሚኖርበት የመከላከያ ሴል) ውስጥ ወደ አንቲሞኒ 3 ካልተቀየረ ብዙም አይሠራም፤ ማነጻጸሪያችን ከንቱ ይሆናል። የመርፌው ብልቃጥ ውስጥ ክሎሮክሬሶል (እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ) ካለ ደግሞ ተህዋሱን የሚገድለው ማቆያው ሊሆን ይችላል። ማቆያ የሌለው የአንቲሞኒ ዱቄት ይገዛ።

ኬሚስትሪ፦ ውህዶቹን የምናሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦም ሳይፈተሽ አይገባም። አንዳንድ ውህድ ላይ ከብረቱ ጋር የተያያዘውን ክሎራይድ አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ያን ጊዜ የምትፈትኑት እኛ የሠራነውን አይደለም። ወርቁ መጀመሪያና 72 ሰዓት ላይ በኤንኤምአር (የውህዱን አሠራር በማግኔት በሚያሳየው መሣሪያ) ይታይ። መዳብ 2 ፓራማግኔቲክ ስለሆነ፣ ማለትም የኤንኤምአሩን ንባብ ስለሚያደበዝዝ፣ በዩቪ ብርሃን መለኪያ ይሁን። በመፈተሻው ሳህን ጉድጓድ ውስጥ ዲኤምኤስኦው ከ0.5% አይበልጥ።

ሂሳብ ያዥ፦ የተህዋሱ ዝርያዎች በረዶ ሆነው የሚቆዩበት የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ ማን ዘንድ ይቀመጣል? መሙያው ባጀት ላይ የለም።

ናሙና ክፍል፦ እኛ ዘንድ ነዋ። ናሙናው የሚወሰደው ከዚህ ነው።

ተህዋስ ክፍል፦ እንደ ባለፈው ሊደርቅ? ዝርያዎቹ ሁሉ አለቁ።

ናሙና ክፍል፦ የደረቀው የመሙያ ገንዘብ ስላልተላከ ነው! ደብዳቤው አለ።

ሂሳብ ያዥ፦ ደረሰኝ ሳይመጣ ገንዘብ አይወጣም፤ ይሄ አዲስ ሕግ አይደለም።

ተህዋስ ክፍል፦ ደረሰኙን ተዉትና ስሙ። ተህዋሱ ብልቃጥ ውስጥ ሲደጋገም ማክሮፌጅ መውረር ያቅተዋል። በረዶ ውስጥ መጠባበቂያ ከሌለን የወርቁ ውጤት አይታመንም። ሁለት ታንክ፣ ሁለት ቦታ።

ናሙና ክፍል፦ በዚህ እንስማማለን። የናይትሮጅኑ ቁመት በየሳምንቱ በዘንግ ተለክቶ ይመዝገብ፤ መዝገቡን እኛ እንይዛለን። ስለ ደረሰኙ የተባለው ግን ይነሳ።

ሰብሳቢ፦ ይነሳል። የመርዛማነት ክፍሉን እጽፋለሁ ያለው የት ገባ? ሲሲ50 (የሰውን ሴል ግማሽ የሚገድል መጠን) ለአይሲ50 (ተህዋሱን በግማሽ የሚገታ መጠን) ተካፍሎ ከ10 በታች የወጣ ውህድ እንዲጣል ተስማምተን ነበር፤ ገጹ ባዶ ነው።

ሰብሳቢ፦ መልስ የለም። እንግዲህ ዓላማ 1 የዝርያ ማከማቻ፣ ዓላማ 2 የማክሮፌጅ ፍተሻ ይሁን። ወርቁ ዓላማ 3፣ በሁለት ውህድ ብቻ። መዳቡ ይቆይ።

ኬሚስትሪ፦ ለጋሹ የጠየቀው መድኃኒት ነው እንጂ ማቀዝቀዣ አይደለም! መዳቡ ከወጣ የእኛ ክፍል አይፈርምም።

ሂሳብ ያዥ፦ የሁለተኛው ታንክ ፕሮፎርማ ማን ያመጣል?