በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ለሚገጣጥሙ፦ ስማቸው አንድ፣ አቅማቸው የተለያየ ዕቃዎች

በአነስተኛ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ርካሽ ዕቃ በመግዛቱ ሳይሆን፣ ዕቃው ከምኑ ተቀንሶ እንደረከሰ ሳይጠይቅ በመግዛቱ ነው። አምራቾች ዋጋ ሲያወርዱ ከግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ፣ ከፕሮሰሰሩ ካሽ (በውስጡ ካለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ወይም ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር አንዱን ይቀንሳሉ፤ ስሙን ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይተዉታል። ከዚህ በታች ያሉት ጥቆማዎች በ1920 በ1080 ፒክሰል ስክሪን ለመጫወት ላሰበ ሰው የተጻፉ ናቸው።

ከግራፊክስ ካርዱ መጀመር ይሻላል፤ የጌሙን ፍጥነት ከሌላው ዕቃ ሁሉ በላይ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለእሱ ቢውል አያስቆጭም። የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ በ2021 የወጣው የኤኤምዲ ካርድ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የሚወስደው ኃይልም 132 ዋት ብቻ በመሆኑ ትልቅ ፓወር ሰፕላይ አያስገዛም። ከጌም ሌላ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ሥዕል ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ግን የኢንቪዲያውን ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060ን እመርጥለታለሁ፤ ምክንያቱም 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ከመሆኑም በላይ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የኢንቪዲያን ኩዳ (ካርዱን ከጌም ውጭ ለሆነ ስሌት የሚያሠራውን ሶፍትዌር) በሚገባ ይጠቀሙበታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በዚሁ በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ አለ፤ የተቀነሰው ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን የሜሞሪው መስመር ስፋትም ከ192 ቢት ወደ 128 ቢት ወርዷል፣ በዚህም የተነሣ በጌም ላይ በግልጽ ይዘገያል። የአርቲኤክስ 3050ም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ባለ 8 ጊጋባይቱ 2560 ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) ሲኖሩት ባለ 6 ጊጋባይቱ 2304 ብቻ አሉት። ሆኖም ባለ 6ቱ 70 ዋት ብቻ ስለሚፈልግና አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ስለማይጠይቁ፣ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተርን ወደ ጌም ኮምፒውተር ለመለወጥ ለሚፈልግ ሰው ከእሱ የተሻለ አማራጭ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አርኤክስ 6500 ኤክስቲን ግን ለማንም አልመክርም። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም ፒሲአይኢ በተባለው የመረጃ መንገድ 4 መስመሮች ብቻ በመሆኑ፣ ሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይኢ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ የመረጃ ማስተላለፊያው አቅም በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ካርድ የሚገዛው ደግሞ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው መሆኑ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 በበኩሉ 12 ጊጋባይት ይዞ መምጣቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የተባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ እንዲደርስበት የሚያደርገው የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አገልግሎት ካልበራለትና ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ካላገኘ ያለውን አቅም አያወጣም።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስንመጣ፣ የኤኤምዲዎቹ ራይዘን 5 5500፣ 5600 እና 5600ጂ ሦስቱም ባለ 6 ኮርና ባለ 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያካሂዷቸው የሥራ መስመሮች) ስለሆኑ በወረቀት ላይ ወንድማማቾች ይመስላሉ። የ5600 ኤል3 ካሽ ግን 32 ሜጋባይት ሲሆን የሁለቱ 16 ብቻ ነው፤ በተጨማሪም ሁለቱ ከሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይኢ አያልፉም። ጌም ካሽ የሚወድ ሥራ ስለሆነ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 5600ን መያዝ ይሻላል። 5600ጂ የሚጠቅመው ግራፊክስ ካርዱን ኋላ ለሚገዛ ሰው ነው፤ በውስጡ ባለው ግራፊክስ ቀለል ያሉ ጌሞችን እየተጫወተ መቆየት ይችላል። ከኢንቴል ወገን ኮር አይ5-12400ኤፍ ከ5600 ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ አይ3-12100ኤፍ ደግሞ 4 ኮር ብቻ ቢኖረውም ከርካሾቹ ሁሉ የተከበረ ነው። በስማቸው መጨረሻ ያለው ኤፍ የውስጥ ግራፊክስ እንደሌላቸው ያመለክታል። እኔ ይህን እያወቅሁ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ አንድ ምሽት ሙሉ ጥፋቱን ስፈልግ አምሽቻለሁ።

ለራይዘን 5600 ቢ450 ማዘርቦርድ ይበቃል፤ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩን ስለማያውቀው ኮምፒውተሩ አይነሣም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ባዮሱ መታደሱን ሻጩን መጠየቅ ወይም ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ ማደስ የሚችል ሞዴል መምረጥ ያስፈልጋል። ኤኤም5 የተባለው አዲሱ የራይዘን ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ) የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሆነ፣ ወደፊት ፕሮሰሰር የመቀየር ሐሳብ ለሌለው ሰው ተጨማሪ ወጪው የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፤ ነገር ግን አንድ ባለ 16 ከመግዛት ይልቅ ሁለት ባለ 8 መግዛት ይመረጣል፤ ሁለቱ በሁለት ቻናል አብረው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚለዋወጠው መረጃ በእጥፍ ይሰፋል፣ ልዩነቱም የውስጥ ግራፊክስ በሚጠቀሙት ላይ ጎልቶ ይታያል። ፍጥነቱ 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ኤክስኤምፒ የተባለው የራም ፍጥነት ማስተካከያ ባዮስ ውስጥ ካልበራ በ2133 ወይም በ2400 እየሠራ ሊቀር ስለሚችል፣ ይህን ማየት መዘንጋት የለበትም።

ማከማቻን በተመለከተ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ማንኛውም ደህና ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ዘገም ባለው የሳታ ዓይነትና በፈጣኑ የኤንቪኤምኢ ዓይነት መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ሰፊ ቢሆንም፣ ጌም ሲከፈት የሚሰማው ከጥቂት ሰከንዶች ብዙም አያልፍም።

ቁጠባ የማልፈቅድበት ቦታ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ኤቲ ፕላስ (80 Plus) የሚለው ምልክት የሚናገረው ኃይል ሳይባክን ምን ያህሉ እንደሚደርስ ብቻ እንጂ ስለ መከላከያዎቹ ወይም ስለ ካፓሲተሮቹ ጥራት አይደለም። ስለዚህ በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቦ፣ በ12 ቮልት መስመሩ የሚሰጠው ዋት ከጠቅላላው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በትልቁ 600 ተብሎ ተጽፎ በ12 ቮልቱ 350 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ 600 ብሎ መጥራቱ ማታለል ነው። እዚህ ለተጠቀሱት ካርዶች ጥሩ 550 ዋት ይበቃል። ከአንዱ ሞዴል የተነቀለ ገመድ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ በሌላው ላይ አይሰካ፤ የውስጥ አቀማመጡ ሊለያይ ስለሚችል ዲስኩን ወይም ማዘርቦርዱን ያቃጥላል።

ያገለገለ ፕሮሰሰርና ራም ያለ ብዙ ሥጋት ሊገዛ ይችላል፤ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን ይቅር። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲገዛ መጀመሪያ ጂፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም ማንነቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ለምሳሌ አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጠው ካርድ በዋናው 2304 ኮሮች ፋንታ 2048 ብቻ ያሉት ሊሆን ይችላል፣ ባዮሱ ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም የተሰጠው አሮጌ ካርድም ያጋጥማል። ከዚያ በኋላ ካርዱን በሙሉ አቅሙ በሚፈትነው ፈርማርክ በተባለው ፕሮግራም ሩብ ሰዓት ያህል ማሠራት፣ ሙቀቱ እየወጣ ሄዶ የት ላይ እንደሚቆም፣ ማራገቢያዎቹ ድምፅ ማሰማት አለማሰማታቸውን፣ ስክሪኑ ላይም ነጠብጣብ መታየት አለመታየቱን መከታተል ነው። ሻጩ ካርዱን ሰክቶ ለማሠራት ፈቃደኛ ካልሆነ ዋጋው የቱን ያህል ቢያጓጓም ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ይሻላል።