የጤፍና የባልትና ሱቅ ደንበኛ እንዴት ይጸናል?

ጥያቄ፦ ባለሱቋ ከአያት

ሰላም ለሁላችሁ። አያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ሌላም ባልትና የምሸጥበት ሱቅ ከከፈትሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አዲስ ገዢ መምጣቱ አልቀረም፤ የሚያስጨንቀኝ አንድ ጊዜ 25 ኪሎ ገዝቶ የሄደ ሰው ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። የእሁድ ገበያውና የሸማቾች ማኅበሩ ዋጋ ከእኔ ዝቅ ስለሚል፣ በዋጋ ብቻ ልወዳደር ብል የሱቅ ኪራዬንም አልሸፍንም። ምርቃት መጨመር ሞክሬአለሁ። ለአንዳንድ ጎረቤቶችም በዱቤ ሰጥቼ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ዕዳቸውን ሳይከፍሉ በሱቄ በር ማለፍ ያቆሙ አሉ። በችርቻሮ ንግድ የቆያችሁ ሰዎች፣ ደንበኛ ለዓመታት እንዲጸናላችሁ ያደረገው ምን እንደሆነ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦ የእህል ነጋዴ፣ መርካቶ

ልጄ፣ እህል በረንዳ ውስጥ ጤፍ ስሸጥ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ነገር ቢኖር ጤፍ ገዢ ፍርዱን የሚሰጠው ሱቅ ውስጥ አለመሆኑን ነው። እፍኝ አንሥቶ ያያል፣ በመዳፉ አሽቶ አሸዋ እንዳለው ይመረምራል፤ ውሃ ማንሳት አለማንሳቱን የሚያውቀው ግን ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ምጣድ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት አንቺ አጠገቡ የለሽም። ተራውን ነጭ ጤፍ ማኛ ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ የዕለቱን ትርፍ ያገኛል፤ ገዢው ግን ነጋዴውን ሳይወቅስ፣ ሳይከስስ፣ ዝም ብሎ ሱቅ ይለውጣል። ያንቺም ሰዎች የቀሩት በዋጋ ብቻ ነው ብለሽ አትደምድሚ።

ሥራ በጀመርሁ ሰሞን አንዲት እናት ዓይን የሌለው እንጀራ በፌስታል ጠቅልለው መጥተው ባንኮኒዬ ላይ ዘረጉት። ሌላ ገዢ ቆሞ ስለነበር አፈርሁ፤ የሊጡ ወይም የምጣዱ ጥፋት ነው ብዬ ልከራከርም አሰብሁ። በመጨረሻ የቀረውን ጤፍ መልሼ ተቀብዬ ሌላ ሰጠኋቸው። እኚያ እናት እስካረፉ ድረስ ከእኔ ገዙ፤ ዛሬ ልጃቸው ትገዛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጤፉ የአድአ ይሁን የምንጃር ወይም የጎጃም፣ መቼ እንደገባና ለማን እንደተሸጠ በደብተር እጽፋለሁ፤ ቅሬታ ሲመጣ የትኛው ጆንያ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ፣ ከዚያው ጆንያ ለወሰዱት ለሌሎቹም እደውላለሁ። ሚዛንሽንም ቁጥሩ ለገዢው በሚታይበት በኩል አዙሪው፤ የጆንያውንም ክብደት እርሱ እያየ ቀንሺ።

መልስ 2፦ የሦስት ልጆች እናት

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከአንዲት ባልትና ሻጭ 12 ዓመት ሙሉ ገዝቻለሁና የገዢን ልብ ልንገርሽ። ለቤቴ 50 ኪሎ ጤፍ ሁለት ወር ግድም ይበቃኛል፤ እርሷም ይህን ስለምታውቅ ሊያልቅብኝ ሲል ትደውላለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ የሽሮና የምስር ፍላጎቴ እንደሚጨምር አስባ ቀደም ብላ ታዘጋጅልኛለች፤ ለሙስሊም ጎረቤቴም ረመዳን ሳይገባ የሾርባውን ገብስና የሳምቡሳውን ምስር እንዲሁ ታስቀምጥላታለች። ከሁሉ በላይ ያሰረኝ ግን አንድ ጊዜ ዛላ በርበሬ ልገዛ ስሄድ፣ «ይህ እርጥበት አለው፣ ኪሎ እየከፈልሽ ውሃ ትገዣለሽ፣ እስከ ሌላው ሳምንት ታገሺኝ» ብላ ባዶ እጄን የመለሰችኝ ቀን ነው።

ስለ ዱቤ ያነሣሽው ልቤን ነካኝ። ባለዕዳ በበርሽ ማለፍ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ አፍሮ ነውና ገንዘቡም ሰውየውም አብረው ይጠፋሉ። የምትሰጪ ከሆነ ለምታውቂው ሰው፣ በመጠን፣ የደመወዝ ቀኑን ጠይቀሽና ሁለታችሁም በምታዩት መዝገብ ጽፈሽ ስጪ።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

ለመጀመሪያው መልስ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጤፉን መልሶ መቀበል ቸርነት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ደረሰኝ መስጠትም ግዢው የተፈጸመበትን ቀን ከክርክር ስለሚያወጣ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ጠያቂዋ፦ ባለሱቋ ከአያት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያ ጽሑፍ እኔም ሱቅ ከመደርደሪያው በላይ ተለጥፎ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አንሥቼዋለሁ። ደብተሩንም ጀምሬአለሁ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ትናንት የገባውን የምንጃር ጤፍ ጽፌበታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በዱቤ ወስደው የቀሩት ጎረቤቶቼ ዘንድ ልደውል ወይስ ልተወው?

መልስ 4፦ የሦስት ልጆች እናት

ደውዪ እንጂ፤ ግን ስለ ዕዳው አትጀምሪ። ጤፍ ገብቷል በያቸው፣ ደኅንነታቸውን ጠይቂ፤ ዕዳውን ራሳቸው ካነሡት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ እንዲከፍሉ ተስማሙ።