የጓሮ ሸረሪቶች ምልከታ፦ የመስከረምና የጥቅምት ዕቅድ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ ይኸው። ከመስከረም 5 እስከ ጥቅምት 30 አባላት በየጓሯቸው የሚያገኟቸውን ሸረሪቶች፣ ጊንጦችና መሰሎቻቸውን ፎቶ አንስተው አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ይመዘግባሉ፤ ዝርያቸውን እንለያለን፤ በኅዳር ለተማሪዎች እናሳያለን። ርዕሱን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬዋለሁ። ሐሳብ ስጡበት።

የፎቶ ክፍል፦ ጊዜው ተመችቶኛል። አደይ አበባ ላይ አድፍጣ ንብ የምትጠብቀው ሸረሪት የምትገኘው ያኔ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከወጣን ደግሞ ድሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ርዕሱ ግን ይቅር፤ ከዕቁብ እስከ ምርጫ ቅስቀሳ ያልተለጠፈበት ነገር የለም።

ውድ ካሜራ ግዴታ አይሁን። ሞባይል ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ሌንስ (ትንሹን ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ) ይበቃል፤ ፍላሹ ፊት ነጭ ወረቀት ቢደረግ ብርሃኑ ይለዝባል። ለጀማሪ ከግድግዳ ላይ ዘላይ ሸረሪት የሚሻል የለም። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ አጥርተው ስለሚያዩ ሌንሱን ስታስጠጉላት ራሷ ዞራ ታያችኋለች። የምትሮጠዋን ግን ብልቃጥ ውስጥ ከትተን ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ብናቆያት ረጋ ትላለች፤ ይህም በረቂቁ ይግባ።

የባዮሎጂ መምህር፦ ፍሪጁን እቃወማለሁ። ፎቶው ያምር ይሆናል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው በየትኛው ተክል ላይ፣ በምን ዓይነት ድር፣ ምን ስትበላ እንደተገኘች ነው። ድር የማትሠራዋን የመሬት ሸረሪት ተመልከቱ፦ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ ሲፈለፈሉም ልጆቿን በጀርባዋ ታዝላለች። ይህን ብልቃጥ ውስጥ ማን ያየዋል?

«ዝርያቸውን እንለያለን» የሚለውም ይታረም። በዓለም ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያ ተመዝግቧል፤ ብዙዎቹን ለመለየት የመራቢያ አካላቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። በፎቶ እስከ ቤተሰብ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን እስከሚያቅፈው ሰፊ ምድብ፣ ከደረስን ትልቅ ነገር ነው። ለዚያም ከላይ፣ ከፊት፣ ከሆድ በኩልና ድሩን ራሱን እናንሳ። የፊቱ ፎቶ አይቅር፤ የዓይኖቹ አደራደር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ድር መሃል ለተቀመጠችው በድሩ ማዶ ዞሮ ሆዷን ማንሳት ይቻላል፣ መንካት አያስፈልግም።

የፎቶ ክፍል፦ እሺ መምህር፣ ፍሪጁን አንስቻለሁ።

የድሬዳዋ አባል፦ ጊንጡን በአንድ ቃል አለፋችሁት እኮ! በጨለማ አልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ ሆኖ ይፈካል፤ ቆዳውን ገና የቀየረ ካልሆነ በስተቀር ከሩቅ ይታያል። የማታ ክፍለ ጊዜ ይኑረን። በተራ ባትሪም ቢሆን የመሬት ሸረሪቶች ዓይን ከሣሩ ውስጥ ያብለጨልጫል።

የሕፃናት ፕሮግራም ኃላፊ፦ የማታው ለአዋቂ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ቡትስ ጫማ ያድርግ፣ ድንጋይ በእጅ አይገለበጥ። ቀኑን ልጆች ይምጡ።

ሌላው ስጋቴ፣ የጓሮ ፎቶ ማለት የቤት አድራሻ ማለት ነው። ቦታውን ደብቁ የሚለው ምርጫ ግዴታ ይሁን። ያኔ ትክክለኛው ነጥብ ቀርቶ በየጎኑ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሳጥን ውስጥ ሌላ ነጥብ ይታያል፤ ለጥናቱም ብዙ አይጎዳም።

እናቶችም አስቀድመው ይነገራቸው። ልጁ ፊት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ «ሸረሪት ሸናበት» ማለት የተለመደ ነው፤ ከእኛ ጋር ውሎ ከወጣማ አለቀልን።

የባዮሎጂ መምህር፦ ልክ ነሽ፣ ለዚህ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ሸረሪት ሰው ላይ ሸንታ ቆዳ አታቆስልም። ከንፈር ዳር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። እንደ መስመር ተጋድሞ የሚያቃጥለው ደግሞ ማታ መብራት ተከትላ የምትመጣ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። የሚያመው ሰው ግን የእኔን ወረቀት ሳይሆን ሐኪም ይይ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው እንዲህ ይላል፦ «ሸረሪቶችን ባሉበት፣ ሳንነካ እናነሳለን፤ እስከተቻለ ድረስ ቤተሰባቸውን እንለያለን፤ የቤት ቦታ ይደበቃል፤ የማታው ምልከታ ለአዋቂዎች ብቻ ነው።» ርዕሱ «የጓሯችን ሸረሪቶች» ሆኗል፤ ደረቅ ነው፣ ግን ማንም አልቀደመንም። የቀረው የአልትራቫዮሌት ባትሪ ወጪ ነው። ከመዋጮ ይውጣ ወይስ የሚያውስ አለ?

የድሬዳዋ አባል፦ የእኔን አውሳለሁ። ድንጋይ ሥር የሚረሳ ሰው እንዳይወስደው ብቻ።